እግር ማጠብን ከስልክ መማር ይቻላልን?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የዛሬው ጨዋታችን በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የጤና ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ነገሬን የምጀምረው ከእግር ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁና ለጥቂት ጊዜ ታገሡኝ።

ወደ ወላይታ ሶዶ የሄደ ሰው ከከተማይቱ በላይ የቆመውን የዳሞታን ተራራ ሳያይ አይመለስም፤ ጫማውን የሚይዘውን ቀይ አፈርም ሳያውቅ አይመለስም። እንሰቱን፣ ቦዬውንና በቆሎውን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነው። ነገር ግን ከልጅነት ጀምሮ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ይኸው አፈር ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ከአፈሩ ውስጥ ያለው እጅግ ደቃቅ የሆነ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ሰውነታቸው በተፈጥሮ ለዚህ የተጋለጠ ሰዎች እግራቸው በጣቶቹ በኩል መብላት ይጀምረዋል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ ዓመታት ሲቆጠሩም ይጠጥራል፣ ይቆሳስላል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ይህም ስም እግርና ትቢያ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ የበሽታው ምንጭ አፈሩ መሆኑን ያስረዳ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በዚህ በሽታ የተያዘ መሆኑን ገልጿል። ይህ ማለት ከ18 ሰው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ ሰዎች ናሙና ወስደው መርምረው፣ ለበሽታው መጋለጥ በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለበት «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ያደረገ ሰው አይዘውም። ለያዘውም ቢሆን መፍትሔው በእጅ ያለ ነገር ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እንግዲህ አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። በሶዶ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የጤና ሳይንስና ሕክምና ኮሌጅም አለው፤ ሕዝቡ ኦቶና ብሎ የሚጠራው ሆስፒታል የማስተማሪያው ሆስፒታል ነው። እንበልና በዚህ ወይም ይህን በመሰለ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ወጣት መምህር «ይህን የዝሆኔን ትምህርት ከፊሉን በኢንተርኔት እንዲሰጥ አድርገህ አዘጋጅ» ተብሎ ታዘዘ። ምን ያደርግ? እናንተስ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

ብዙዎቻችን ከየት እንደምንጀምር አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚያ ዘመን ተማሪ የነበራችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ይከፈታል፤ መምህሩ በክፍል ውስጥ ሲያሳየው የነበረውን 90 ገጽ ስላይድ በፒ.ዲ.ኤፍ. ይልካል፤ ከሥሩም «ይህን አንብቡ» የምትል አንዲት መስመር ትጻፋለች። ተማሪው ያወርደዋል፤ አውርዶም ያስቀምጠዋል። መምህሩን አልወቅስም፤ ቸነፈር በር ላይ ቆሞ ሳለ ማን ቁጭ ብሎ ኮርስ ይነድፋል? ወቀሳዬ ያ የጭንቅ ጊዜ ዘዴ፣ ጭንቁ ካለፈ በኋላም «የኢንተርኔት ትምህርት» የሚል የክብር ስም ተሰጥቶት በሚኖርበት ቦታ ላይ ነው። ስላይድ መላክ ደብዳቤ መላክ ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር በካሜራ ቀርጾ መጫንም ቢሆን ያው የክፍሉን ንግግር ወደ ተማሪው ቤት ማጓጓዝ ብቻ ነው፤ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋ የነበረው ልጅ በቤቱ ተመችቶት ያንቀላፋል።

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች የሚመክሩት ከመጨረሻው እንድንጀምር ነው። ይኸውም፦ ይህ ተማሪ ትምህርቱን በፈጸመ ማግስት ምን ማድረግ እንዲችል እንፈልጋለን? «ስለ ዝሆኔ ያውቃል» የሚል መልስ አይበቃም። እንዲህ ብለን እንመልስ፦ ያበጠ እግር ይዞ የመጣን ሰው አይቶ በሽታው ዝሆኔ ይሁን፣ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፈው የክር ትል እብጠት ይሁን፣ ወይስ የሥጋ ደዌ መሆኑን ይለያል፤ የበሽተኛውን እግር በራሱ እጅ ያጥባል፣ ይጠቀልላል፤ በሽተኛውም በቤቱ ይህን በየቀኑ እንዲያደርግ ያስተምረዋል፤ ለቤተሰቡም በሽታው እንደማይተላለፍ ያስረዳል። እንግዲህ አራት ነገር አገኘን። አሁን እያንዳንዱን «ይህን ተማሪው ብቻውን ሊማረው ይችላልን?» ብለን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ብቻውን ይቻላል፤ እንዲያውም ከክፍሉ ይልቅ በስልክ ይሻላል። ዝሆኔ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉ እምብዛም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ የመዳሰስ ስሜት አይጠፋም። የክር ትሉ እብጠት የቆላ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ እግር በኩል ይበረታል፤ እስከ ጭንና ብሽሽትም ይደርሳል። በሥጋ ደዌ ግን ስሜት ይጠፋል። ይህን መምህሩ በክፍል ውስጥ በ10 ደቂቃ ቢናገረው ተማሪው ይጽፈዋል፤ ከፈተና በኋላም ይረሳዋል። በስልክ ላይ ግን 12 ፎቶግራፍ አንድ በአንድ ማቅረብ ይቻላል። «ይህ ሰው የመጣው ከቦሎሶ ደጋ ነው፤ በባዶ እግሩ ያርሳል፤ እብጠቱ ከቁርጭምጭሚት አልፏል፤ ስትነካው ይሰማዋል። ምን ትላለህ?» ተማሪው ይመልሳል። ቢሳሳት ለምን እንደ ተሳሳተ ወዲያው ይነገረዋል፤ ማንም አላየውምና አያፍርም፤ ደግሞ ይሞክራል።

ይህ የመጠየቅ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛውን ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሁለተኛውን ወገን ግን አንብቦ ከዚያ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢጠይቋቸው ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ቢጠይቋቸው ግን ዘግተው የጻፉት እጅግ በለጡ። ለፈተና ማለዳ ስላይዱን ለሰባተኛ ጊዜ የምታነቡ ተማሪዎች፣ ይህችን አንቀጽ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፏት አልከፋም።

ሁለተኛው፣ ማለት እግር ማጠቡ፣ ብቻውን አይቻልም። ጥሩ ተደርጎ የተቀረጸ የ4 ደቂቃ ፊልም ቅደም ተከተሉን ሊያሳይ ይችላል፤ ለብ ያለው ውኃ፣ ጥቂት በረኪና፣ ሳሙናው፣ በእጥፋቶቹ መካከል የሚገባው ጣት፣ ፎጣው፣ ቅባቱ፣ ፋሻው። ተማሪውም ይህን ሦስት ጊዜ አይቶ ቢመጣ መልካም ነው። ነገር ግን ፋሻው ሲጠብቅ የሚሰማውን፣ የቆዳውን መጠንከር፣ የቁስሉን ሽታ ስልኩ አያስተምርም። ከሁሉም በላይ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በሠፈሩ ለዓመታት ሲሸሹት የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ጋብቻ የተከለከለ፣ በዕድር ድንኳን ጥግ የሚቀመጥ፣ እግሩን በጋቢው ጫፍ የሚሸፍን። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ ወጣት በፊቱ በርከክ ብሎ «ሳሮ» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥቶ እግሩን በእጁ ሲይዘው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ወጣቱም በዚያች ቅጽበት ፊቱን ሳያጨማድድ መቆየትን እንዴት እንደሚማር፣ ይህ በሽተኛው ባለበት ቦታ ካልሆነ የትም አይገኝም። አፍንጫውን ሳያስበው የሸበሸበ ተማሪ፣ ያን ሰው ሁለተኛ ወደ ጤና ጣቢያ እንዳይመጣ ሊያደርገው ይችላል። ነገሩ የአንድ ሰው እግር ነገር ነው።

ስለ ፎቶግራፎቹም አንድ ነገር ላንሳ። የበሽተኛ እግር የበሽተኛው ነው። ለማስተማሪያ ሊነሣ የሚችለው ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ሲፈቅድ ነው፤ ፊቱና ስሙ መውጣት የለበትም፤ ሥዕሉም በተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሲንከራተት መገኘት የለበትም። ወጣት መምህራን ይህን በችኮላ ይረሱታል።

ሦስተኛውና አራተኛው፣ ማለት በሽተኛውንና ቤተሰቡን ማስተማር፣ በመካከል ያሉ ናቸው። ቃላቱን በቤት መለማመድ ይቻላል። ተማሪው ምክሩን በራሱ ድምፅ በስልኩ ቀርጾ ለመምህሩ ይላክ፤ መምህሩም «ይህን ቃል አሮጊቷ አይገባቸውም» ብሎ ይመልስለት። ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ዘንድ ይሂድ።

ፈረንጆች ይህን ከፊሉን በቤት፣ ከፊሉን በአካል የሚደረግ ትምህርት ቅይጥ ትምህርት ይሉታል፤ ስሙም አዲስ ግኝት ይመስላል። የሆነ ሆኖ በአገራችን ነገሩ ከስሙ ይቀድማል። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ፤ ከዚህም በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚያ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የጽዳት ባለሙያው ለየብቻ ተምረው አያበቁም ነበር፤ በመጨረሻ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ በኋላ አብረው የሚሠሩት ሰዎች አብረው ይለማመዳሉ። ክፍሉ ለምን እንደሚበጅ፣ ሜዳው ለምን እንደሚበጅ የለየ አሠራር ነው። ኢንተርኔት የሌለበት ቅይጥ ትምህርት ብትሉት አልከራከራችሁም።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታሪክ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታትም ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ። እነዚህን ሴቶች ወደሚቀጥለው የትምህርት ደረጃ እንዴት እናሳድጋቸው? ሁሉንም ወደ ከተማ ብንጠራቸው በየቀበሌው ያለችውን ነፍሰ ጡር ማን ያያታል? ልጇን ማን ይከትብላታል? እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የእንግሊዝ አገሩ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አምሬፍ፣ ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት ተባብረው ሂት የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጁ፤ የጻፉትም በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው። 13 ሞጁሎች ናቸው፤ ስለ ቅድመ ወሊድ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሥነ ምግብ፣ ስለ ተላላፊ በሽታዎች እያሉ ይሄዳሉ። ንድፉ እንዲህ ነበር፦ ንባቡን እዚያው በምትሠራበት ቀበሌ ሆና ታነባለች፤ የእጅ ሥራውን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል በአሠልጣኝ ፊት ትለማመዳለች።

እነዚያን ሞጁሎች ገልጦ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ መቀመጫ ሊነበብ የሚችል ነው። በጥቂት አንቀጾች መካከል ጥያቄ ብቅ ይላል፤ «እዚህ ላይ ቁሚና አስቢ» የሚል ዓይነት፤ ከሥሩም መልሱ አለ። ምሳሌው ሁሉ የቀበሌው ምሳሌ ነው። ጽሑፉ የታተመውም በወረቀት ነበር፤ ኢንተርኔት ላይም በነፃ ተቀምጧል። ካሜራ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ የሚሽከረከር ሥዕል የለም። ዛሬ በትልቅ ገንዘብ ከሚሠሩት ከብዙዎቹ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ አንባቢዋ የት ተቀምጣ፣ በምን መብራት፣ ምን ሥራ ጥላ እንደምታነብ አስበው ጽፈዋልና።

ይህ ወደ ስልኩ ያመጣናል። የሶዶ ተማሪ ሁልጊዜ በሶዶ አይኖርም። ለተግባር ልምምድ ይወጣል፤ ክረምት ሲሆን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንበል፤ አንዲት የነርስ ተማሪ በሆቢቻ ወረዳ ከተማ በቢጠና ናት። ቢጠና ከተማ ናት እንጂ በረሃ አይደለችም፤ ነገር ግን ልጅቱ ካርድ የምትሞላው ከራሷ ኪስ ነው። አሁን ሒሳብ እናድርግ። የአንድ ሰዓት ንግግር በመካከለኛ ጥራት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቢላክላት 225 ሜጋባይት ያህል ይበላል። ያንኑ ንግግር በድምፅ ብቻ ቢልኩላት 15 ሜጋባይት አይሞላም። ንግግሩ ተጽፎ ከ12 ፎቶግራፎች ጋር ቢመጣ፣ ፎቶግራፎቹ በመጠኑ ከተቀነሱ፣ 2 ሜጋባይት ይበቃዋል። ከ100 እጅ በላይ ልዩነት ማለት ነው። መምህሩ በዩኒቨርሲቲው መሥመር ቁጭ ብሎ «ቪዲዮውን ጭኜዋለሁ» ሲል፣ ልጅቱ የምሳዋን ገንዘብ እያሰበች ነው። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መንቀሳቀሱ ለሚያስፈልገው ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ ለፋሻ አጠቃለሉ አዎን፤ ለፕራይስ የሕይወት ታሪክ አይደለም።

ደግሞም መሥመሩ ሊቋረጥ ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ትምህርቱ መሥመር ሲኖር ወርዶ፣ መሥመር ሲጠፋ የሚነበብ መሆን አለበት። የመልስ መስጫ ቀኑም «ዛሬ ማታ እስከ 6 ሰዓት» ከሚሆን «በዚህ ሳምንት ውስጥ» ቢሆን ይሻላል፤ በአካል መገናኘቱም መሥመር ቢኖርም ባይኖርም ቀኑ የተቆረጠ ይሁን። በዓለም ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበትን ሙድል የተባለውን የትምህርት ማኅደር የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራልያዊ ነው፤ ልጅ ሳለ በምድረ በዳ መካከል ስለሚኖር ትምህርቱን የተማረው በሬዲዮ ነበር ይባላል። የሙድልም የስልክ ፕሮግራም ትምህርቱን አስቀድሞ አውርዶ ያለ መሥመር ለማንበብ ያስችላል። መሣሪያው አለ፤ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ «ይወርዳልን?» ብሎ መሞከሩ ነው። ከቢሮው ሳይሆን ከተማሪዋ ስልክ።

ትምህርት ሚኒስቴርም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር ሆኖ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንን ለዚህ ሥራ የማሠልጠን ፕሮግራም ጀምሯል። መልካም ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ወዳጆቼ «ይህ የሐኪሞች ነገር ነው፤ እኛ ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው የኢንተርኔት ሥልጠና ተካፋይ ነበርሁ። «ቀጥል» የሚል ምልክት አለ፤ እርሱን 41 ጊዜ ተጫንሁ፤ በመካከሉም ሻይ ጠጣሁ። በመጨረሻ አምስት ጥያቄ መጣ፤ ብሳሳት ደግሞ እንድሞክር ተፈቀደልኝ፤ በአራተኛው ሙከራ አለፍሁ፤ ባለ ማኅተም የምስክር ወረቀትም በስሜ ወጣልኝ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደ ነበር ብትጠይቁኝ ርእሱን ከወረቀቱ ላይ አንብቤ እነግራችኋለሁ። በዚህ የተጎዳ ሰው የለም፤ ምናልባት ወረቀቱ ብቻ። አንዲት ነርስ ግን የፋሻ አጠቃለልን በዚህ ዓይነት ብታልፍ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የእጅ ሥራ ፈተናው በእጅ መሆን አለበት። ሮናልድ ሃርደን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ተማሪው ደወል በተደወለ ቁጥር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እያለፈ በያንዳንዱ አንድ ሥራ በፈታኝ ፊት ይሠራል፤ ፈታኙም በእጁ ባለው ዝርዝር ላይ ምልክት ያደርጋል። እግር ማጠብ ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስሁ፤ እርሱም የጊዜ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ያሳተመው የጥናቶች ጥናት፣ ቅይጥ ትምህርት በክፍል ብቻ ከሚሰጠው እንደሚሻል ገልጾ ነበር። አለቆች ይህን ቃል ይወዱታል። ነገር ግን ያው ጽሑፍ አያይዞ፣ በቅይጡ ትምህርት ተማሪዎቹ ተጨማሪ ጊዜና ተጨማሪ የትምህርት ነገር እንደ ነበራቸው፣ ትርፉም ከዚያ ሊመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ይህን ሁለተኛውን ቃል የሚያነብ አለቃ ጥቂት ነው። «ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ሄዷል፤ እንግዲህ ክፍሉም መምህሩም ተረፉልን» የሚል ስሌት እዚህ ላይ ይወለዳል።

የዝሆኔን ትምህርት እንውሰድ። በቀድሞው አሠራር ለ40 ተማሪዎች ሦስት ጊዜ የሁለት ሰዓት ንግግር ይሰጣል እንበል፤ 6 ሰዓት ነው። የእግር ማጠቡ ነገር «ጊዜ ካለ» ተብሎ በመጨረሻ ይቀመጣል፤ ጊዜም የለም። አሁን ንግግሩ ወደ ስልክ ሄደ። 6 ሰዓት በእጃችን ተረፈ። አራት ፈቃደኛ ሕመምተኞች፣ አራት ሳፋና ሁለት አሠልጣኞች ቢኖሩ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው፣ በአንድ ጊዜ አራት ተማሪ ይሠራል፤ 40 ተማሪ ለመጨረስ አሥር ዙር ያስፈልጋል፤ 5 ሰዓት ማለት ነው። ከስድስቱ 5ቱ ለእጅ ሥራው ሄዱ፤ የቀረችው አንዲት ሰዓት በስልክ ያልገባቸውን ለሚጠይቁ ትሁን። ሕመምተኞቹ እንዳይሰለቹም ዙሮቹን በአራት ሳምንት ማከፋፈል ይገባል፤ አንድን ሰው እግሩን በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ማጠብ ሕክምና አይሆንምና፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ሌሎች ሕመምተኞች ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰውም ከመታጠቡ በላይ ካልሲና ጫማ ቢሰጠው ይገባል። በየሳምንቱም ከመምጣቱ በፊት የፎቶግራፍ ጥያቄዎቹን በስልኩ ያልመለሰ ተማሪ ወደ ሳፋው አይቀርብም፤ በሰው እግር ላይ ሀ ሁ አይቆጠርም።

ይህን ንድፍ የያዘ መምህር ገንዘብ መጠየቁ አይቀርም። በግዥ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ካሜራ፣ ማይክሮፎንና ኮምፒዩተር በመጀመሪያው መሥመር ይጻፋሉ፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳሉ፤ ዘመናዊ ናቸውና። በዚያ መሥሪያ ቤት በግዥ ክፍል የተቀመጣችሁ ወጣት ጸሐፊ ብትኖሩ ግን፣ ወረቀቱን ከማስፈረማችሁ በፊት ወደ ታች ወርዳችሁ ተመልከቱልኝ፤ ሳፋ 4፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ በየቁጥሩ፣ ለሕመምተኞቹም የመጓጓዣ ገንዘብ። ካልተጻፈ መልሳችሁ ስጡትና «ጌታዬ፤ ይህ ኮርስ ግማሹ ጎድሏል» በሉት።